የሴት ሙያና የመልክ ዳኝነት፤ ከመካነ ሰላም ደጋ እንዝርት እስከ ኮምፒውተር

መግቢያ

ስለ ወሎ የሚናገር ሰው የወሎን ሴት ቁንጅና ሳያነሣ አያልፍም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት አራቱ የዜማ ቅኝቶች ከዚሁ አገር ስም ጋር ተያይዘው ይጠራሉ፤ በእነርሱ የሚዜመውም ግጥም ዘወትር ዓይንን፣ ጥርስን፣ አንገትንና ጠጉርን የሚያወድስ ነው። እኛ ይህን ዝና ለመንቀፍ አልተነሣንም፤ ውበትን ማድነቅ በራሱ ነውር አይደለምና። ነገር ግን የታሪክ ተማሪ ዝናን እንደ ሰማው ተቀብሎ አይቀመጥም፤ ዝናው ምን እንደሚገልጥ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚሸፍንም ይጠይቃል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ የሚከተለው ነው። በእጇ ጥበብ ወይም በመኪና የምትሠራ ሴት በሥራዋ መመዘን ሲገባት በመልኳ የምትመዘነው ስለ ምንድን ነው? ጥያቄው ያለፈ ዘመን ጥያቄ ብቻ አይደለም። ዛሬ መሐንዲስ፣ የኮምፒውተር ባለሙያ ወይም አይሮፕላን አብራሪ የሆነች ሴት በሕዝብ ፊት ስትቀርብ፣ ስለ ሥራዋ ከመነገሩ በፊት ስለ ቁመናዋ መነገሩ የተለመደ ነው። ቆንጆ የተባለች እንደ ሆነ «በመልኳ ገባች» ትባላለች፤ ቆንጆ ያልተባለች እንደ ሆነ ደግሞ ጨርሶ የሚያነሣት አይገኝም። በሁለቱም መንገድ ሥራዋ ሳይታይ ይቀራል።

መልሳችንን አስቀድመን በአጭሩ ለመግለጽ፣ ሴትን በመልኳ መመዘን ከጥንት የነበረ ነገር ነው። ሆኖም በደጋው ኑሮ ውስጥ ከዚህ ዳኛ ጎን ሥራዋን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሌላ ዳኛ ነበራት። ሥራው ከቤትና ከመንደር ወጥቶ ወደ ቢሮና ወደ መኪና በተዛወረ ጊዜ ግን ሥራ ዐዋቂው ዳኛ በመንደር ቀረ፤ መልክ ተመልካቹ ዳኛ ብቻ ተከትሏት ሄደ። ይህን ለማስረዳት ከመካነ ሰላም አካባቢ እንጀምራለን፤ ከዚያም ወደ ከተማና ወደ ሰፊው ዓለም እንሻገራለን።

፩. አገሩ

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የምትገኘው ከደሴ በስተ ምዕራብ፣ ከለጋምቦ ብርዳም ደጋ ባሻገር ነው። ከእርሷ በስተ ምዕራብ ምድሩ እየተቆረጠ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። በስተ ሰሜን ሳይንት፣ በስተ ደቡብ ወግዲና ከላላ ያዋስኑታል። ወደ ሰሜን ምሥራቅ ራቅ ብሎ ዐፄ ቴዎድሮስ የወደቁባት የመቅደላ አምባ ትገኛለች። በአገሩ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያና በአንድ እድር ተጎራብቶ ይኖራል።

የዚህ አገር አቀማመጥ ለያዝነው ነገር ትልቅ ትርጉም አለው። ደጋው ገብስና በግ ያበቅላል፤ የበጉ ጠጉር ባናና በርኖስ ይሆናል። የዓባይና የበሽሎ ቆላ ደግሞ ለጥጥ የሚስማማ ነው፤ ጥጡ ነጠላ፣ ኩታ፣ ጋቢና ቡሉኮ ይሆናል። እንግዲህ የደጋዋ ሴት በሁለት ዓይነት ጭረት መካከል የተቀመጠች ሠራተኛ ነበረች፤ የበጉም ጠጉር፣ የቆላውም ጥጥ ልብስ ከመሆኑ በፊት በእጇ ማለፍ ነበረበት።

፪. ፈትል እንደ ቴክኒክ

ቴክኖሎጂ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሞተርን ወይም ኮምፒውተርን ነው። ነገር ግን ቃሉ በእውነተኛ ትርጉሙ ጥሬ ነገርን በዕውቀትና በመሣሪያ ወደ ተፈለገ ነገር መለወጥ ማለት ከሆነ፣ ፈትል የሀገራችን ጥንታዊ ቴክኖሎጂ ነው።

አሠራሩን በዝርዝር እንመልከት። በመጀመሪያ ጥጡ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቀጭን ብረት እየተንከባለለበት ይዳመጣል፤ በዚህ ጊዜ ፍሬው ከጥጡ ይለያል። የተዳመጠው ጥጥ በደጋን ይነደፋል፤ የደጋኑ ክር እየነዘረ ጥጡን ያፍታታዋል፣ ያለሰልሰዋልም። እንዲህ የተነደፈው ጥጥ ባዘቶ ይባላል። ፈታዪቱ ባዘቶውን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው እጇ እንዝርቱን ታሾረዋለች፤ እንዝርቱ በተሽከረከረ ቁጥር ጥጡ እየቀጠነና እየከረረ ክር ይሆናል። ክሩም ተጠቅልሎ ልቃቂት ይወጣዋል።

ሲናገሩት ቀላል ይመስላል፤ ሲሠሩት ግን የልክ ዕውቀት የሚጠይቅ ነው። በሚገባ ያልከረረ ክር ይበጠሳል፤ ከመጠን በላይ የከረረ ደግሞ በራሱ ላይ ይቆላለፋል። ድር የሚሆነው ክር በሸማኔው ዕቃ ላይ ሲወጠር መቻል ስላለበት ጠንካራ መሆን ይገባዋል፤ ማግ የሚሆነው ግን ለስለስ ቢል ልብሱን ያሞቀዋል። ለነጠላና ለቀሚስ ቀጭን ክር፣ ለጋቢና ለቡሉኮ ወፈር ያለ ክር ያስፈልጋል። ጋቢ አራት እጥፍ ስለሆነ ለአንድ ጋቢ የሚበቃውን ክር አስቀድሞ መገመት፣ ውፍረቱንም ከመጀመሪያው ልቃቂት እስከ መጨረሻው ሳያዛንፉ ማድረስ ያሻል። ይህ ሁሉ ያለ ሜትርና ያለ ሚዛን፣ በጣትና በዓይን ብቻ የሚፈጸም ነው። በዛሬ አነጋገር ብንገልጸው የጥሬ ዕቃ ምርጫ፣ የጥንካሬ ግምትና የጥራት ቁጥጥር በአንዲት ሴት እጅ ተጠቃለው ነበር ማለት ነው።

ሃይማኖታዊው ትውፊትም ለዚህ ሥራ ከፍ ያለ ቦታ ሰጥቶታል። በኦሪት ዘጸአት 35ኛ ምዕራፍ ለድንኳኑ የሚሆነውን ክር የፈተሉት ሴቶች በልባቸው ጥበብ ያደረባቸው እንደ ነበሩ ተጽፏል። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እመቤታችን ብሥራቱን የሰማችው ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል ነው፤ ሠዓሊዎቻችንም እንዝርት በእጇ አስይዘው ይሥሏታል። መጽሐፈ ምሳሌም በ31ኛው ምዕራፍ ልባሟን ሴት ሲያመሰግን እጇን ከእንዝርት ጋር ያነሣል፤ ደም ግባትን ግን ከንቱ ይለዋል።

፫. ሁለቱ ዳኞች

በደጋው መንደር ፈታዪቱን የሚመዝኑ ሁለት ዓይነት ዳኞች ነበሩ። የመጀመሪያውን የቅርብ ዳኛ እንበለው። ይህ ዳኛ እናቷ፣ አማቷ፣ ጎረቤቶቿና ከሁሉም በላይ ሸማኔው ነው። እናትና ጎረቤት ራሳቸው ፈታዮች ስለሆኑ ባዘቶው ከተያዘበት አኳኋን ጀምረው ሥራውን ያውቁታል። ሸማኔው ደግሞ ድሩን በወጠረ ጊዜ ደካማው ክር እየተበጠሰ፣ የተጓጎለው ክር እየተጋገደ ሁሉን ነገር ይነግረዋል። ሸማኔው የፈታዪቱን መልክ ላያውቅ ይችላል፤ ክሯን ግን ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ዳኛ ቢያመሰግንም ቢነቅፍም ፍርዱ ማስረጃ አለው።

ሁለተኛው የሩቅ ዳኛ ነው። ይህ ዳኛ መንገደኛው፣ ገበያተኛው፣ እንግዳውና ዘፋኙ ነው። ይህ ሰው ሴቲቱን በዓመት በዓል ቀን ነጭ ለብሳ ያያታል። የለበሰችው ነጠላ ክሩ የራሷ እጅ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ተመልካቹ ግን ልብሱ እንዴት እንደሚያምርባት እንጂ ልብሱ በማን እጅ እንደ ተጀመረ አይጠይቅም። ሥራዋን ተጎናጽፋ በፊቱ ቆማ ሳለ፣ እርሱ የሚያየው መልኳን ብቻ ነው። የያዝነው ጉዳይ ሁሉ ሥሩ ከዚህ የሚነሣ ይመስለናል፤ የሩቅ ዳኛ ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ሥራውን ስለማያውቅ የሚያውቀውን ነገር፣ ማለት መልክን ይመዝናል።

የሩቅ ዳኛ ፍርድ ሁልጊዜ ውዳሴ ብቻ አይደለም። በ1965ና በ1966፣ እንደገናም በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረሃብ ጊዜ የወሎ እናት ምስል በፊልምና በፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ። በዘፈን ቆንጆ ተብላ የታወቀችው ሴት በፎቶግራፍ የረሃብ ምልክት ሆነች። በሁለቱም ጊዜ የታየው ፊቷ ነው፤ እጇ አልታየም።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ዘመን ያለ ልክ ማሞገስ አይገባም። የቅርቡ ዳኛ ሥራዋን ቢያውቅም ስም አልሰጣትም። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት በልብስ ሥራ ላይ ቃል በቃል የተፈጸመ ነው፤ ፈትሉን ሴት ትጀምረዋለች፣ ሸማውን ወንድ ይጨርሰዋል፣ ሥራውም በጨራሹ ስም የሸማኔ ሥራ ይባላል። «መልክ ጤፉ በስም ይደግፉ» የሚለው ሌላው ተረትም ሰው የሚመዘንባቸውን ሁለት ሚዛኖች ሲጠራ መልክንና ስምን ብቻ ይጠራል፤ ሥራ የሚባለው ሦስተኛ ሚዛን በዚያ ተረት ውስጥ ስፍራ አላገኘም።

፬. የቃላት ምስክርነት

የአንድ ሕዝብ አስተሳሰብ በቃላቱ ይታያል። በአማርኛ ለሴት መልክ ያሉን ቃላት ብዙ ናቸው፤ ቆንጆ፣ ውብ፣ መልከ መልካም፣ ደመ ግቡ፣ ዓይነ ግቡ፣ ሎጋ፣ ዘለግላጋ እያልን መቀጠል እንችላለን። ለሴት ሥራ ግን በብዛት የምንጠቀመው አንድ ቃል ነው፤ ይኸውም ባለሙያ የሚለው ነው። ይህ ቃል ለወንድ ሲነገር የመኪና፣ የሕግ ወይም የግንባታ ዐዋቂ ማለት ሆኗል። «ባለሙያ ሴት» ሲባል ግን ዛሬም ቢሆን በመጀመሪያ ወደ ጆሯችን የሚመጣው ወጥና ጠላ ነው። አንዱ ቃል እንደ ተነገረለት ሰው ጾታ ትርጉሙን ይለውጣል።

ጥበብ የሚለው ቃልም እንደዚሁ ነው። ጥበብ ዕውቀት ነው፤ በቀሚስና በነጠላ ጫፍ የሚሸመነው ባለ ቀለም ጌጥም ጥበብ ይባላል። ጠቢብ የተከበረ ሊቅ ነው፤ ጠይብ ሲባል ግን የተናቀ አንጥረኛ ሆነ። በሸክላ ሠሪዎች ዘንድ ይህ ንቀት እጥፍ ሆኖ ይታያል። በደጋው አገር ብረት መቀጥቀጥ የወንድ፣ ሸክላ መሥራት የሴት ሥራ ነበር፤ እነዚህ ቤተሰቦችም ቡዳ እየተባሉ ይፈሩ ነበር። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን መርጣ፣ ያለ መሽከርከሪያ በእጇ ገንቦና ምጣድ አበጅታ፣ በእሳት ተኩሳ ለሁሉም ቤት የማብሰያ ዕቃ ታቀርባለች። ሕዝቡ ግን ዕቃዋን ይገዛል፣ ዓይኗን ይሸሻል። ቆንጆዪቱ በሰው ዓይን ስትመዘን፣ ሸክላ ሠሪዋ በገዛ ዓይኗ ተከሰሰች። ለአንዲቱ መልኳ ውዳሴ፣ ለሌላዪቱ መልኳ ክስ ሆነ፤ የሁለቱም ሥራ ግን ከዳኝነቱ ውጭ ቀረ።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድበውን ሰው የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው ይታወሳል። ዐዋጁ ቀጥቃጩም፣ ሸማኔውም፣ ጸሐፊውም፣ አራሹም በሥራው እንዳይናቅ የሚያዝዝ ነበር። የዐዋጁ መንፈስ ከያዝነው ነገር ጋር ይገናኛል፤ ሰውን በሥራው መስደብ ነውር ከሆነ፣ ሥራውን ትቶ በመልኩ መመዘንም የዚያው ነውር ታናሽ ወንድም ነው።

፭. መኪና ሲገባ

መኪና ወደ ሀገራችን ሲገባ የሴቶችን ሥራ በአንድ ጊዜ አልሻረውም፤ ከፋፈለው እንጂ። በመጀመሪያ ከውጭ የመጣ፣ በኋላም በሀገር ውስጥ ፋብሪካ የተፈተለ ክር ለድር መዋል ጀመረ፤ በእጅ የተፈተለው ለማግ ብቻ ቀረ። የሞተር ወፍጮ የሴቲቱን ክንድ ከመጅና ከድንጋይ ወፍጮ አሳረፈ፤ ይህ ታላቅ በረከት ነው። ነገር ግን እህሉን ተሸክማ ተራ የምትጠብቀው ሴት፣ ሞተሩን የሚያስነሣው ወንድ ሆነ። የልብስ ስፌት መኪናም በየገበያው ጥግ ሲቀመጥ በአብዛኛው የተቀመጠበት ወንድ ነው። እንግዲህ መሣሪያው ዘመናዊ በሆነና ገንዘብ ማምጣት በጀመረ ቁጥር ከሴት እጅ ወደ ወንድ እጅ ይሻገር ነበር።

ታሪክ ጸሐፊዎችም ከዚህ ልማድ አልራቁም። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ አምባ ሲያስጎትቱ፣ መድፉ 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር። በጋፋት መድፉን የሠሩት የአውሮፓ ሚሲዮን የእጅ ባለሙያዎች፣ እነ ዋልድማየርና እነ ዛልሙለር፣ ስማቸው በመጻሕፍት ይገኛል። ያንን ሠራዊት ያበላው እህል ግን በሴቶች እጅ ተፈጭቶ፣ በሴቶች እጅ ተጋግሯል፤ ከእነርሱ መካከል በስም የምናውቃት የለችም።

ከወሎ አምባሰል የተወለዱት እቴጌ መነን እ.ኤ.አ. በ1931 በአዲስ አበባ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ባቋቋሙ ጊዜ አዲስ በር ተከፈተ። በኋላም የተማረችው ልጃገረድ ከአገኘቻቸው የመጀመሪያ መኪናዎች አንዱ የጽሕፈት መኪና ነበር። የፊደላችንን የጽሕፈት መኪና ለማስገኘት የደከሙት የመሐንዲስ አያና ብሩ ስም በሚገባ ይታወሳል። በመኪናው ፊት ተቀምጣ የመንግሥትንና የንግድን ሥራ ያካሄደችው ጸሐፊ ግን በሌላ መንገድ ትታወሳለች፤ በቀልድና በጨዋታ ሁሉ የአለቃ ቢሮ ጌጥ ሆና ትሣላለች። የጽሕፈት ችሎታ በደቂቃ ስንት ቃል፣ በገጽ ስንት ስሕተት ተብሎ ሊቈጠር የሚችል ነው፤ ከሁሉ ሙያ ይልቅ ለመመዘን የሚቀል ሆኖ ሳለ ሚዛኑ ወደ መልክ መዞሩ የሩቅ ዳኛ ወደ ቢሮ እንደ ገባ ያስረዳል። ዛሬም «ቁመናዋ ያማረ» የሚል ቃል በሥራ ማስታወቂያ ላይ መነበቡ አልቀረም።

፮. በአይሮፕላን ላይ

ይህ ነገር በሀገራችን ብቻ የተወሰነ እንዳልሆነ ከአይሮፕላን ታሪክ እንረዳለን። ኤለን ቸርች የተባለች አሜሪካዊት አይሮፕላን የማብረር ፈቃድ ያላት ነርስ ነበረች። በአብራሪነት የሚቀጥራት ስላልተገኘ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1930 በዓለም የመጀመሪያዪቱ የበረራ አስተናጋጅ ሆነች። ከእርሷ ጋር ለተቀጠሩት ነርሶች የወጣው ደንብ ያላገቡ፣ ከ25 ዓመት ያልበለጡ፣ ክብደታቸው ከ52 ኪሎ፣ ቁመታቸውም ከ163 ሳንቲሜትር የማይበልጥ እንዲሆኑ የሚያዝዝ ነበር። ለማብረር የመጣችውን ሴት በኪሎና በሳንቲሜትር መዘኗት ማለት ነው።

በሀገራችንም የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሀገር ልብስ የለበሰች አስተናጋጅ የሀገሪቱ መታወቂያ ምስል ሆናለች። በዚያ ምስል ላይ የሸማው ውበትና የሴቲቱ ውበት ይታያል፤ ክሩን የፈተለችው ሴት አትታይም፤ አስተናጋጇ ራሷም በአደጋ ጊዜ ተሳፋሪን ለማዳን የሠለጠነች መሆኗ አይታይም።

ነገር ግን ከአይሮፕላን ታሪክ ሌላ ትምህርት እናገኛለን። ሙሉእመቤት እምሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት ማብረር ተምራ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ከባሕር ዳር የመጣችው አምሳለ ጓሉ ለዓመታት በረዳት አብራሪነት ካገለገለች በኋላ በ2003 ዓ.ም. የአየር መንገዱ የመጀመሪያዪቱ ሴት ካፒቴን ሆነች። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ሠራተኞቹ ሁሉ ሴቶች የሆኑበትን በረራ ከአዲስ አበባ ወደ ባንኮክ መርታለች። አብራሪ የሚፈተነው በሌላ አብራሪ ነው፤ የሚቈጠርለትም የበረረው ሰዓት ነው። ነፋስና ማረፊያ ሜዳ መልክ አይለዩም። እንግዲህ በዚህ ሙያ ሸማኔው ተመልሶ መጥቷል፤ ክሩን የሚያውቅ ዳኛ ተገኝቷል። ሴቲቱም በመሪው ወንበር ላይ የተቀመጠችው በዚህ ዳኛ ፊት ቆማ ነው።

፯. ከክር ወደ ኮምፒውተር

ክርና ኮምፒውተር የሚራራቁ ይመስላሉ፤ ታሪካቸው ግን የተጠላለፈ ነው። ፈረንሳዊው ዣካር እ.ኤ.አ. በ1804 ገደማ የሽመና መኪናን በተበሳ ካርቶን እንዲመራ አደረገ፤ በተበሳ ካርቶን ትእዛዝ መስጠት በኋላ ወደ ኮምፒውተር ተላለፈ። እ.ኤ.አ. በ1969 ሰውን ወደ ጨረቃ ያደረሰው የአፖሎ መንኰራኵር ኮምፒውተር ትእዛዙን የያዘው በሽቦ ነበር፤ ሽቦው በትንንሽ የማግኔት ቀለበቶች ውስጥ ሲያልፍ አንድ፣ በውጭ ሲያልፍ ዜሮ ይሆናል። ያንን ሽቦ በእጃቸው ያሳለፉት የፋብሪካ ሴቶች ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የመጡ ነበሩ። አንድ ክር ቢሳሳት ስሌቱ ይሳሳት ነበር።

ለያዝነው ነገር ዋናው ምስክር ግን ኤንያክ የተባለው ኮምፒውተር ነው። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. በየካቲት 1946 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ለሕዝብ ታየ። የስሌት ትእዛዙን ያዘጋጁት ስድስት ሴቶች ነበሩ፤ ኬይ ማክነልቲ፣ ቤቲ ጄኒንግስ፣ ቤቲ ስናይደር፣ ማርሊን ዌስኮፍ፣ ፍራን ቢላስና ሩት ሊክተርማን ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ካቲ ክላይማን የተባለች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በአሮጌ ፎቶግራፎች ላይ ከመኪናው አጠገብ የቆሙትን ሴቶች አይታ እነማን እንደሆኑ ጠየቀች። የተሰጣት መልስ ለጌጥ የቆሙ፣ እንደ ማቀዝቀዣ ማስታወቂያ ሴቶች ያሉ ናቸው የሚል ነበር። ተማሪዋ ግን ነገሩን መርምራ እውነቱን አወጣች፤ ስድስቱም እ.ኤ.አ. በ1997 በቴክኖሎጂ ሴቶች የክብር መዝገብ ላይ ሰፈሩ። ፎቶግራፉ ሥራውን ደብቆ አልነበረም፤ ሴቶቹ በመኪናው ላይ እጃቸውን አሳርፈው ይታዩ ነበር። የደበቃቸው የተመልካቹ ዓይን ነው። የወሎዋን ሴት በፈተለችው ነጠላ ውስጥ እያያት ፈትሏን ያላየው መንገደኛና ይህ ተመልካች አንድ ናቸው።

በዘመናችን ደግሞ መኪናው ራሱ ፊትን የሚመለከት ዳኛ ሆኗል። አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ከፊት ምስል ጾታን የሚለዩ ሦስት የንግድ ኮምፒውተር ፕሮግራሞችን በ1,270 ምስሎች ፈተኑ። ቆዳቸው ፈካ ባለ ወንዶች ላይ ስሕተቱ ቢበዛ ከመቶ 0.8 ሲሆን፣ ቆዳቸው ጠቆር ባለ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 ደረሰ። ትምኒት በመኪና ዓይን የምትመዘን ብቻ ሆና አልቀረችም፤ የመኪናውን ዓይን ራሷ መዘነችው እንጂ። በሌላ በኩል በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሶፊያ የተባለችው ሮቦት አዲስ አበባን ጎበኘች፤ በፕሮግራሟ ሥራ በአዲስ አበባ የሚገኘው አይኮግ ላብስ ተካፍሎበታል። ሥጋና ደም ለሌለው መኪና የቆንጆ ሴት ፊት መሰጠቱ፣ ሕዝቡም ከፕሮግራሙ ይልቅ ፊቱን ማድነቁ፣ የሩቅ ዳኛ ዛሬም በወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ያመለክታል።

መደምደሚያ

ከላይ ከተዘረዘረው ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በመልክ መመዘን ለሴቲቱ ስሜት ብቻ የሚመለከት ጥቃቅን ነገር አይደለም፤ የሥራዋ ዋጋና ስም የሚወሰድበት መንገድ ነው። ሁለተኛ፣ ውዳሴውም ነቀፌታውም አንድ ውጤት አላቸው፤ ቆንጆ የተባለችው ፈታይም፣ ቡዳ የተባለችው ሸክላ ሠሪም በእኩል ስማቸው ጠፍቷል። ሦስተኛ፣ መድኃኒቱ መልክን አለማየት አይደለም፤ ሰው ዓይን አለውና ያያል። መድኃኒቱ ሥራውን የሚያውቅ ዳኛ በወንበሩ ላይ ማስቀመጥ ነው።

ሕጉ በበኩሉ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ35ኛው አንቀጽ የሴቶችን እኩልነት ይደነግጋል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም በጾታ ማዳላትን ይከለክላል። ነገር ግን ሕግ በወረቀት ላይ፣ ዳኝነት በሰው ዓይን ውስጥ ነው። ስለዚህ ቀጣሪ ድርጅቶች ከቃለ መጠይቅ በፊት የሥራ ፈተና እንዲያስቀድሙ፣ ፈታኙም ሙያውን የሚያውቅ እንዲሆን እናሳስባለን። ታሪክ የምንማር እኛም የቤት ሥራ አለብን። በምዕራብ ደቡብ ወሎ በእጅ የመፍተል ጥበብ ከአሮጊቶች ጋር እያለፈ ነው፤ የጥጡ አነዳደፍ፣ የክሩ ልክና የፈታዮቹ ስም አሁኑኑ ካልተጻፈ በኋላ የሚጠየቅ ሰው አይገኝም።

መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎቹ ተማሪ ይቀበላል። አያቷ በእንዝርት ላይ የክርን ጥንካሬ በጣቷ ትለካ የነበረች ልጃገረድ፣ ዛሬ ያንኑ ጥንካሬ በቤተ ሙከራ መኪና መለካት ትችላለች። በአያቷና በእርሷ መካከል የተለወጠው መሣሪያው ነው፤ ዕውቀቱ የዘር ሐረግ አለው። ከመንደሯ ወጥታ ስትሄድ ሸማኔው አብሯት እንዲሄድ፣ ማለትም ክሯን አይቶ የሚፈርድላት ዐዋቂ በደረሰችበት ሁሉ እንዲጠብቃት ማድረግ የዚህ ትውልድ ግዴታ ነው ብለን እናምናለን።